የአዋላጇ ሰባት ስሞች

ጦይባ ኑርሁሴን የተወለደችው ቡሬ ገበያ ውስጥ፣ ከአባቷ ሱቅ ጓዳ፣ በበርበሬ ጆንያ መሀል ነው። እናቷን ምጥ ድንገት ሲይዛት መኪና እስኪፈለግ ልጅ አይጠብቅምና፣ በርበሬ ሊሸጡ የመጡ አንዲት የባላገር ሴት እጃቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አሸርጠው ገቡ። ሕፃኗ ከማልቀሷ በፊት አነጠሰች። አዋላጇ እትዬ ሀብትነሽ «ይችስ ገና ከመምጣቷ ዓለሙ ሸተታት» ብለው ሳቁ። ይህችን ቀልድ ኑርሁሴን ሀያ አምስት ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ ሲያወራት፣ ጦይባም ሀያ አምስት ዓመት ሙሉ ስታፍርባት ኖራለች።

ጦይባ አድጋ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ተምራ ተመለሰች። ሥራው በየመሥሪያ ቤቱ «ነገ ነይ» እየተባለ ሲጓተትባት፣ ከአባቷ ሚዛን አጠገብ ላፕቶፗን ዘርግታ ለወፍጮ ቤቱ የተራ መያዣ፣ ለመድኃኒት ቤቱ የጊዜ ማስታወሻ የሚሆኑ ትናንሽ አፖች እየሠራች ትውላለች። እትዬ ሀብትነሽ በገበያ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ዱካ ላይ አረፍ ሳይሉ አይሄዱም። አንድ ቀን ግን ዱካውን አልፈው ጓዳ ገቡና በሩን ከኋላቸው ገፋ አደረጉት።

«ሆድዬ፣ መርሳት ጀመርሁ» አሏት።

ሌላ ሰው መርሳት ቢጀምር የሚቸገረው ራሱና ቤተሰቡ ነው። እትዬ ሀብትነሽ ከረሱ ግን የሚናጋው ደብሩ ሁሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው ሾላ ማርያም፣ ሰው ከመጋባቱ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወንዱም የሴቷም አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይወጣና፣ ሐረጉ ሰባት ሳይሞላ ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። ይህ ሽማግሌ በአደባባይ የሚቆጥረው ነው። አደባባይ የማያውቀው ቆጠራ ደግሞ አለ። ምጥ ሲጠና «የተደበቀ ነገር ማኅፀን ያስራል» ይባላልና፣ አንዳንዷ ወላድ አዋላጇን በአንገቷ ስባ የልጁን እውነተኛ አባት በጆሮዋ ትነግራታለች። ምጡ በዚያ ይፈታ አይፈታ እግዜር ይወቅ፤ ምስጢሩ ግን እትዬ ሀብትነሽ ሆድ ገብቶ ይቀራል። አርባ ሦስት ዓመት ሲያዋልዱ ስንት እንደገባ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ቆጥረው ሲጨርሱ፣ ማንም ለምን ሳይል፣ ነገሩ እሳቸው ዘንድ ይላካል። እሳቸውም ወይ «ያልፋል»፣ ወይ «አያልፍም» ይላሉ። ሌላ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። አያልፍም ካሉ «ኮከባቸው አልገጠመም» ተብሎ ይወራል፤ ልጆቹ ሌላ ያገባሉ፤ የማንም እናት አትዋረድም።

«ባለፈው የአንዱን ልጅ አባት ረሳሁት» አሉ እትዬ ሀብትነሽ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለት ቀን እህል አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን ትዝ አለኝ። ባይለኝስ? እህትና ወንድም ባጋባስ?»

«በወረቀት ቢጽፉትስ እትዬ?»

«ወረቀትማ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያነበዋል። አንቺ በዚያ በምትነካኪው ነገር ውስጥ መክተት አይሆንልሽም?»

«ይሆንልኛል። ግን ለምን እኔን መረጡ? የደብሩ ልጆች ነበሩ እኮ።»

«የደብሩ ልጅማ ሲከፍተው መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ነው። ያንቺ ዘር ሾላ ማርያም አይጋባ፣ ምን ይፈይድልሻል? ደግሞ ሲያነጥስሽ የተቀበልሁሽ እኔ ነኝ።»

ጦይባ እሺ አለች። አሮጌ ታብሌት ገዝታ አፑን ሠራችላቸው። ዳታቤዙ እዚያው ታብሌቱ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ፋይል ነው፤ ኔትወርክ ጠፋ መጣ ግድ የለውም፣ በዚህ አገር ደግሞ ከመምጣቱ መጥፋቱ ይበዛል። ሁለት ስም ሲጻፍለት የተመዘገበውን ሐረግ ወደ ላይ ቆጥሮ አንድ ቃል ብቻ ይመልሳል፦ ያልፋል፣ ወይም አያልፍም። እትዬ ሀብትነሽ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ የተመረቁበት ወረቀት እስከ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ አለ። በአንድ ጣታቸው፣ ፊደል በፊደል፣ ሁለት ወር ሙሉ ሲጽፉ ከረሙ። ጦይባ አንዲት ስም አላየችም፤ እንድታይም አልፈለገች።

የይለፍ ቃል አድርጎ ስክሪኑን መቆለፍ ብቻውን በር ላይ መጋረጃ እንደ መስቀል ነው። ማንም ሞባይል ጠጋኝ ፋይሉን በገመድ ስቦ አውጥቶ እንደ ክፍት ደብዳቤ ሊያነበው ይችላል። ጦይባ ይህን ታውቃለችና ፋይሉን ራሱን መሰጠረችው፤ መክፈቻው የሌለው ሰው ቢያገኘው ትርጉም የለሽ ዝባዝንኬ እንዲሆንበት። ጨርሳ ደረቷን ነፍታ ይዛላቸው ሄደች።

እትዬ ሀብትነሽ አዳምጠው ሲያበቁ ጠየቋት። «መክፈቻውን የት አኖርሽው?»

«እዚያው አፑ ውስጥ ነው። እርስዎ እንዳይቸገሩ ብዬ።»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። «የኔ አበባ፣ እኔ ገበያ ስሄድ የቤቴን ቁልፍ ከደፉ ድንጋይ ሥር ነው የምጥለው። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። እስካሁን ሌባ ያልገባው ቁልፉ ተደብቆ አይምሰልሽ፤ የሚሰረቅ ስለሌለኝ ነው።»

ጦይባ ፊቷ እንደ አባቷ በርበሬ ቀላ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ ቆልፋ ቁልፉን በሩ ላይ ሰቅላ ኖሯል! በሳምንቱ ሁሉን አፍርሳ እንደገና ሠራችው። አሁን መክፈቻው ከታብሌቱ የትም የለም፤ የሚፈጠረው ሰው ሰባት ቃል በትክክል ሲጽፍ ብቻ ነው።

«ሰባት ቃል ይምረጡ» አለቻቸው። «እርስዎ የማይረሱት ይሁን። ለእኔም አይንገሩኝ።»

«የማልረሳው ሰባት ቃልማ አለኝ» አሉና ፈገግ ብለው፣ ታብሌቱን ወደ ግድግዳው አዙረው ጻፉ። «መቀየር ቢያምረኝስ?»

«ይችን ይንኩና አሮጌውን፣ ቀጥሎ አዲሱን ይጻፉ። ሌላ ጣጣ የለውም።»

ጦይባ ያን ቀን ወደ ቡሬ የተመለሰችው እየዘፈነች ነበር። ሰባቱ ቃል ምን ሊሆን እንደሚችል ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰበችም።

ወሩ ሳይሞላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። ፍኖተ ሰላም ሞባይል የሚጠግነው የክፍሏ ልጅ ኢርፋን ነው።

«ጦይቢ፣ አንድ ሰውዬ ታብሌት ክፈትልኝ ብሎ መጣ። ስክሪኑን አለፍሁትና ፋይሉን ሳወጣው አፑ ላይ ስምሽን አየሁት።»

ጦይባ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። «ከፈትኸው?»

«ምኑን ልክፈተው? ወላሂ እንዲህ የተፈጨ ነገር አይቼ አላውቅም! ያለኝን ፕሮግራም ሁሉ ለቀቅሁበት፤ አንዲት ፊደል አልወጣችም። ምን አስነክተሽው ነው?»

ጦይባ ዘላ ተነሣች። እልል ልትል ምንም አልቀራትም። አባቷ ሚዛኑን ትቶ አያት።

«ግን ስሚኝ» አለ ኢርፋን፣ «ሰባት ቃል ጻፍ ይላል። ይህን ስነግረው ሰውየው ሳቀ። ‹የሴትዮዋን ሰባት ቃል ማን ይስተዋል?› አለኝ። እኔ ደግሞ ጊዜ ልግዛልሽ ብዬ፣ አንዴ ከተሳሳትህ ሁሉም ይቃጠላል ብዬ ዋሸሁት። ‹እንግዲያውስ ነገ ሽማግሌ ፊት፣ በምስክር እከፍተዋለሁ› ብሎ ነጥቆኝ ሄደ። ደጀኔ ነኝ ነው ያለው።»

ደጀኔን ጦይባ ከእትዬ ሀብትነሽ ወሬ ታውቀዋለች። አባቱ ገነነ ባለፈው ዓመት ሞቶ፣ ወንዝ ዳር ያለውን መሬት ለሁለቱ ልጆቹ፣ ለደጀኔና ለታናሹ ለዳኘው ትቷል። ደጀኔ ሁሉንም ይፈልጋል። «ዳኘው የአባቴ ልጅ አይደለም» የሚል ሐሜት ከየት እንደለቀመ አይታወቅም፤ ማስረጃው ግን አዋላጇ ሁለት ወር ሲጽፉበት በከረሙት ታብሌት ውስጥ እንዳለ ገምቷል። ነገ እሑድ ደግሞ ዳኘው ከሥርጉት ጋር ሊጋባ ሰባት ቤቱ የሚቆጠርበት ቀን ነው። ያ ፋይል ከተከፈተ ዳኘው ብቻ አይደለም፣ የደብሩ እናት ሁሉ ገመና በአንድ ቀን አደባባይ ይወጣል። የአርባ ሦስት ዓመት ዝምታ አበቃ ማለት ነው።

«አባዬ፣ እትዬ ሀብትነሽ የማይረሱት ሰባት ቃል ምን ሊሆን ይችላል?»

ኑርሁሴን ራሱን እንኳ አላከከም። «ሰባት ቤት አባቶቻቸው ነዋ! በርበሬያቸውን ሰው ሲያራክስባቸው የሚፎክሩበት አይደል? የዋሴ ልጅ፣ የጓንጉል፣ የቢተው፣ የእንግዳ፣ የረታ፣ የአየነው፣ የሹምዬ! እኔ እስላሙ እንኳ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ጦይባ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። እንዴት አላሰበችም? ሾላ ማርያም ለተወለደ ሰው የማይረሳ ሰባት ቃል አምጣ ቢባል ሌላ ምን ያመጣል? ልጅ አፉን ሲፈታ የሚያጠናው እሱን ነው። መቶ ሰው በቃሉ የሚያወጣውን መክፈቻ ነው ያስመረጠቻቸው። የእትዬ ሀብትነሽን ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፤ ያው ነው።

በማግስቱ በጠዋት ሞተር ተከራይታ ወጣች። መንገዱ በዝናብ ላሽቆ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ወደቀች። ሾላ ማርያም ስትደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ትልቁ ሾላ ሥር ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት መምሬ ክንፈሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ዳኘው አንገቱን ደፍቶ በአንድ ወገን፣ የሥርጉት ቤተሰብ በሌላ ወገን። እትዬ ሀብትነሽ ጥግ ይዘው፣ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ጦይባ ሮጣ ከጎናቸው ተንበረከከች። «እትዬ፣ ታብሌቱ...»

«ጣልሁት ጦይባዬ» አሉ፣ እንባቸው ቀርቦ። «ማርያምን ልስም ሄጄ ስመለስ ካኖርሁበት የለም። ሌላ ቦታ አኑሬው ረሳሁት። በቃ፣ እኔ አልቄያለሁ።»

ጦይባ መልስ ሳትሰጥ ደጀኔ ተነሣ። ከጋቢው ሥር ታብሌቱን አውጥቶ ከፍ አደረገው።

«አባቶቼ፣ ዳኘውን የገነነ ልጅ ብላችሁ አትቁጠሩ። እውነቱ እዚህ ውስጥ አለ። የዕቃው ባለቤት እትዬ ሀብትነሽም ይኸው ተቀምጠዋል።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። እትዬ ሀብትነሽ ታብሌቱን ሲያዩ ግን ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ብድግ ብለው፣ እጃቸውን አጨብጭበው፣ እልልታቸውን አቀለጡት።

«እልልልል! ተሰርቄ ነው! ለካ አልረሳሁም! ተመስገን ማርያም፣ ተሰርቄ ነው!»

ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ ጥቂቱም ሳቀ። መምሬ ክንፈሚካኤል መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «ደጀኔ፣ ከየት አመጣኸው?»

«ቁልፉ ከደፉ ድንጋይ ሥር ነው፤ አገር የሚያውቀውን ማውጣት ሌብነት ነው እንዴ አባቴ? ይልቅ ስሙ።» ደጀኔ ጉሮሮውን ጠረገና፣ በያንዳንዱ ስም ስክሪኑን በጣቱ እየነካካ፣ ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር። «ዋሴ። ጓንጉል። ቢተው።»

ጦይባ የእትዬ ሀብትነሽን እጅ ጨበጠች። እሳቸው ግን ተረጋግተው ያዳምጡታል።

«እንግዳ። ረታ። አየነው። ሹምዬ!»

የመጨረሻውን ነካ። ደጀኔ ስክሪኑን አፍጥጦ አየ። ዐይኑን ጨፍኖ ገለጠና ደግሞ አየ።

«ምን ይላል?» አሉ መምሬ።

«‹አልተከፈተም› ይላል።»

ታብሌቱ አልተቃጠለም፤ ደጀኔ ይህን ሲያይ ነፍስ ዘራ። ከሹምዬ ጀምሮ ወደ ታች ጻፈው። አልተከፈተም። ዋሴን በክርስትና ስማቸው ለወጠ። አልተከፈተም። ላቡን ጠርጎ በአራተኛው ሲጀምር ከወደ ኋላ አንዷ ሴት «እስቲ በእናትህ ወገን ሞክረው!» አለችና ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጦይባ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

እትዬ ሀብትነሽ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ደጀኔ ተራመዱ። አልተቆጡም። በእጃቸው አንገቱን ያዙና፣ ምጥ የያዛት ሴት አዋላጇን እንደምትስበው፣ ጆሮውን ወደ አፋቸው ሳቡት። ምን እንዳሉት ከእሱ በቀር የሰማ የለም። ሁሉም ያየው ግን የደጀኔ ፊት ደም ሲሸሸው ነው። ታብሌቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለካህን መጽሐፍ እንደሚያቀብል ሰው ጎንበስ ብሎ ሰጣቸው።

አሮጊቷ ዛፉን ተደግፈው፣ ታብሌቱን ወደ ደረታቸው አዙረው፣ በአንድ ጣታቸው ይጽፉ ጀመር። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ሲከፈት ፊታቸው ላይ ብርሃኑ ታየ። የዳኘውንና የሥርጉትን ስም ጻፉ፤ ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ስክሪኑን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞሩት። በትልልቅ ፊደል አንድ ቃል ተጽፎበታል። መምሬ ክንፈሚካኤል መነጽራቸውን አስተካክለው፣ እንደ ወንጌል በዜማ ጎተቱት።

«ያል-ፋ-ል!»

እልልታው ከሾላው ላይ ወፎቹን አስነሣ። ዳኘው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ግርግሩ ጋብ ሲል ደጀኔ ሳይጠየቅ ተነሥቶ፣ «አባቶቼ፣ ወንድሜ የገነነ ልጅ ነው። እንደዚያው ይቆጠር» አለና ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ለወንድሙ ይቅርታ አስጠየቁት፤ ለስርቆቱ ደግሞ ለእትዬ ሀብትነሽ ቤት አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ ገዝቶ በራሱ እጅ እንዲገጥም ፈረዱበት።

ጦይባ አሮጊቷን ደግፋ እስከ ቤታቸው ሸኘቻቸው። እትዬ ሀብትነሽ ደፉ ላይ ሲደርሱ ድንጋዩን አንሥተው ቁልፋቸውን አወጡ፤ ከከፈቱ በኋላም አልመለሱትም፤ መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት።

«ምን ብለውት ነው እትዬ?» አለች ጦይባ። «ደጀኔ ድንጋይ ሆነ እኮ።»

«‹ሁላችሁም እዚህ ውስጥ አላችሁ› አልሁት። በቃ። ሐሰት ተናገርሁ?»

ጦይባ ሳቋ ሲያልቅ ያሳፈራትን ነገር ተናዘዘች። «እኔ የአባቶችዎን ስም አድርገውታል ብዬ ሌሊቱን አላንቀላፋሁም።»

«አድርጌው ነበር እኮ!» አሉ እሳቸውም። «አሥራ አንድ ቀን እንደዚያ ሆኖ ቆይቷል። ኋላ ሠርግ ቤት አንድ ሰካራም ሊያሞግሰኝ ተነሥቶ ዋሴ፣ ጓንጉል እያለ እስከ ሹምዬ አወረደው፤ ሕዝቡም አብሮ አወረደው። ወየው ጉዴ አልሁ። ያንኑ ቀን ቤቴ ገብቼ ያሳየሽኝን ነክቼ ቀየርሁት።»

«ታዲያ አሁን...» ጦይባ አፏን ያዘች። «አይንገሩኝ። አልጠየቅሁም።»

እትዬ ሀብትነሽ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ታብሌቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ጭቃውን ጠረጉት።

«ቃሉን አልነግርሽም። ምን እንደሆነ ግን ልንገርሽ» አሉ። «በአርባ ሦስት ዓመት ከእጄ ላይ ያመለጡኝ ሰባት ናቸው። ጨቅላ። ስም ሳይወጣላቸው፣ ክርስትና ሳይነሡ። ስም የሌለው በሰባት ቤት አይቆጠርም ጦይባዬ፤ እንዳልተወለደ ነው። እናቶቻቸው ሌላ ወለዱ፣ ረሷቸው። እኔ ግን እየቀበርሁ ስም አወጣሁላቸው። ለየብቻ፣ በልቤ። ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ እነሱ አይጠፉኝም።»

ጦይባ አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«ይኸው አሁን» አሉ አሮጊቷ፣ ፊታቸው በርቶ፣ «እነሱ በየስማቸው ካልተጠሩ ሾላ ማርያም ውስጥ ማንም ሰው አይጋባም። ዳኘውን ዛሬ የዳሩት እነሱ ናቸው። እኔ ልሞት ስል ጤና ጣቢያ ለምታዋልደው ለአምለሰት በጆሮዋ እነግራታለሁ፤ እሷም ትጠራቸዋለች። ይህን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ጦይባ ቡሬ ስትገባ ኑርሁሴን ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃታል። ጭቃ ለብሳ፣ ፊቷ በሳቅ ተሞልቶ፣ ዐይኗ ቀልቶ ከሞተሩ ወረደች።

«ተከፈተ?» አላት በድንጋጤ።

«አልተከፈተም አባዬ! ማንም አልከፈተውም!»

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«በርበሬው ነው» አለች ጦይባ።

ኑርሁሴን ወደ ሱቁ ውስጥ ዞር ብሎ አየ። በርበሬውን ትናንት ሸጦ ጨርሶ፣ ጆንያዎቹን እንኳ አራግፎ አጥፏቸዋል። ዱካውን ሳብ አድርጎ አስቀመጣት።